ስለ ወላይታ ሶዶ ምግብ ቤቶችና ስለ አማቶቻችን ገበታ

ሰው ወደማያውቀው ከተማ ሲሄድ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚያድርበት ቤት ነው፤ ስለሚበላው ግን እንደ ደረስኩ ይሆናል ብሎ ይተወዋል። እኛም በሥራ በተላክንባቸው ከተሞች ሁሉ ልማዳችን ይህ ነበር። ዘንድሮ ግን ወደ ወላይታ ሶዶ የሄድነው በመሥሪያ ቤት ጉዳይ አልነበረም። ከሕፃንነቱ ጀምረን ያሳደግነው ታናሽ ወንድማችን በዚያ ከተማ ያለች ልጅ ሊያገባ አስቦ፥ በአባት ፈንታ ቆመን ቤተ ሰቧን እንድንጠይቅለት ስለ ለመነን ነው።

ባለቤታችን ነገሩን በሰማች ጊዜ ደስ አላት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣች። ያስጨነቃትም ጥሎሹ ወይም የሠርጉ ወጪ አልነበረም። «በሰዎቹ ቤት የእንሰት ምግብ ቢያቀርቡልንና ከጉሮሮዬ አልወርድ ቢለኝ ምን ይውጠኛል?» የሚል ነበር። በእውነትም በገበታ ላይ እጁን የሰበሰበ እንግዳ፥ በአፉ ምንም ያህል መልካም ቃል ቢናገር፥ ባለቤቶቹን እንደ ናቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ከቀጠሮው ሦስት ቀን አስቀድመን ሄደን፥ ማንም ሳያውቀን የአገሩን ምግብ እየቀመስን እንድንለምድ ተስማማን።

ሶዶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተሠራች ከተማ ናት። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ጦር ድል እስከ ሆኑ ድረስ ወላይታ በራሱ ነገሥታት ይተዳደር ነበር፤ ካዎ ማለትም በቋንቋቸው ንጉሥ ማለት ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆናለችና፥ ከአንባቢዎቻችን አያሌዎቹ በመንግሥት ጉዳይ ወደዚያ መሄዳቸው አይቀርም።

የደረስነው ረቡዕ ማታ ነው። ቀኑ የጾም ቀን ስለ ነበረ ያረፍንበትን ቤት አሽከር መልካም የጾም ምግብ የት እንደሚገኝ ጠየቅነው። እርሱም ሳያመነታ መስተዋቱና መብራቱ ወደ በዛ አንድ ቤት መራን። ሽሮው የቀዘቀዘ፥ እንጀራው ዳር ዳሩ የደረቀ ነበር፤ ሒሳቡ ግን ትኩስ ነበር። በኋላ እንደ ተረዳነው፥ ልጁ እንግዳ ባመጣ ቍጥር ከቤቱ ጥቂት ገንዘብ ይቀበል ኖሯል። በነገሩ ጥቅም ያለው ምስክር ቃሉ በጥንቃቄ እንዲመዘን ዕድሜያችንን ሙሉ በመዝገብ ስንጽፍ ኖረን፥ በሆዳችን ጉዳይ ግን ይህን መርሳታችን አሳፈረን።

በማግሥቱ የፍርድ ቤቱን ሥርዓት ተከተልን። አንድ የባጃጅ ነጂ፥ አንድ ጨርቅ ሻጭና አንድ መምህር፥ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ፥ በየተራ ጠየቅን። የጠየቅናቸውም «ጥሩ ቤት የት ነው?» ብለን አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሰማ ሰው ለእንግዳ የሚመጥን ውድ ቤት ይጠቍማልና። «እርስዎ በገዛ ገንዘብዎ ትናንት የበሉት የት ነው?» አልን። ሁለቱ አንድ ሥጋ ቤት ጠሩልን። ባለቤታችን ደግሞ የራሷ መመዘኛ ነበራት፤ ወደ አዳራሹ ሳይሆን ወደ እጅ መታጠቢያው ሄዳ ውኃውንና ሳሙናውን አየች፥ ሳህን የሚወለወልበትንም ጨርቅ ተመለከተች። ተመልሳም «እንቀመጥ» አለች።

ወላይታ በከብቱና በቅቤው የታወቀ አገር ነው። የሥጋው ጥሬ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ፥ የበርበሬው፥ የነጭ ሽንኵርቱና የዝንጅብሉ ሽታ ከሥጋው ቀድሞ ይደርሳል። ዳጣ እንደ አዋዜ የሚለወስ አይደለም፤ እርጥቡ ቃሪያ ከቅመሙ ጋር ተወቅጦ የሚዘጋጅ ነው፤ ያልለመደ ሰው በጣቱ ጫፍ ይጀምር። እኛ በጉርሻ ስለ ጀመርን ዕንባችን ፈሰሰ፤ አሳላፊውም በትዕግሥት ውኃ አመጣልን። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃልና፥ በየትም ከተማ ቢሆን በሥጋው ላይ የቄራውን የምርመራ ማኅተም ሳያዩ መብላት አይገባም። ያልታተመ ወረቀትስ እንቀበላለን?

ከሥጋው ጋር ቆጮ ቀረበ። ባለቤታችን የመጀመሪያውን ቍራሽ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፤ ኮምጠጥ ያለው ሽታው እንግዳ ሆኖባት ነበር። ሁለተኛውን በዳጣ፥ ሦስተኛውን ደግሞ ሳናስተውላት በላች። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ ፈረንጆች እንሰትን «የሐሰት ሙዝ» እንደሚሉት ተምረን ነበር። ስለ ምን ሐሰተኛ እንዳሉት እስከ ዛሬ አልገባንም፤ እንሰቱ ሙዝ ነኝ ብሎ ማንንም አላታለለም። ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፥ ሥሩንም ከትፈው፥ በጕድጓድ ቀብረው እያብላሉ ቆጮ ያደርጉታል፤ ከተጨመቀውም ፈሳሽ የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይባላል። ዝናብ በዘገየ ጊዜ እህሉ ሲጠፋ እንሰቱ በጓሮ ቆሞ ቤተ ሰቡን ያኖራል። እኛ የጤፍ አገር ሰዎች የሥራ ሥርን ምግብ የችግር ምግብ አድርገን ማየታችን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ዓርብ ዕለት ወደ ገበያ ወጣን፤ የተቀቀለ ጎዳሬና ስኳር ድንች በዳጣ በላን፥ በቅመም የተፈላ የቡና ቅጠልም ጠጣን። ዳጣ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ባለቤታችንን «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ሰጠቻት፤ እርሷም «ሳሮ» ብላ መለሰችና፥ «እማማ፥ ጥሩ ሙቿ የት ይሸጣል?» ስትል ጠየቀቻት። ሙቿ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራ፥ ይልቁንም በመስከረም በሚከበረው በግፋታ በዓል የሚቀርብ የክብር ምግብ ነው። ለበዓሉ ወንዶች ለበሬው፥ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማሉ። አሮጊቷም ሳቀችና፥ «ልጄ፥ እርሱን ሰው ቤት ነው የምትበይው» አለቻት።

ቅዳሜ በቀጠሮው ሰዓት ከልጅቱ ቤተ ሰብ ቤት ደረስን። ጉዳያችንን ቆመን ተናገርን፤ መልሱም ለወሩ መጨረሻ ተቀጠረልን። ከዚያም ገበታው ቀረበ፤ ስናየው ግን እንጀራና የዶሮ ወጥ ነው። ሰዎቹ የኛን አገር ምግብ ካላገኘን አንበላም ብለው ሠግተው፥ ወጥ የምታውቅ ሴት ከሰፈር ለምነው ኖሯል። የልጅቱ እናት በጓዳው በር ቆመው እጃችንን ብቻ ይመለከቱ ነበር። ልክ ባለቤታችን በቤቷ ስታስበው እንደ ነበረው፥ እርሳቸውም «ባይበሉልኝ ምን ይውጠኛል?» ሲሉ እንደ ሰነበቱ ፊታቸው ይናገራል።

ባለቤታችን ሁለት ጊዜ ጐረሰችና ቀና አለች። «እትዬ፥ ይህ ከጓዳ የሚሸተው ቅቤ የሙቿ አይደለምን?» አለች።

ሴትዮዋ ደነገጡ። «ነው፤ ለቤተ ሰቡ ብለን የሠራነው ነው። እናንተ አትወዱት ይሆናል ብለን እንጂ» አሉ።

«እኛስ የመጣነው ቤተ ሰብ ልንሆን አይደለምን?»

አባትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስቀው በቋንቋቸው አንድ ነገር አዘዙ፤ ሙቿው ቅቤው እየፈሰሰ ከጓዳ ወጣ። እኛም ከገበያ የተማርናትን አንዲት ቃል «ጋላታይስ» ብለን አመሰገንን፤ አነጋገራችን ያስቃል መሰለኝ፥ ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የዶሮውን ወጥ የበሉት እነርሱ ናቸው። ለወሩ መጨረሻ የተቀጠረልን መልስም ከቡናው በኋላ ተነገረን።