ሰዓት በሌላት ከተማ አርባ ሰው መሰብሰብ

ላስ ቬጋስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስትሪፕ የሚባለው መንገድ ነው፤ መብራቱ፣ ሆቴሉ፣ ካሲኖው። የእኛ ሰዎች ላስ ቬጋስ ግን ከዚያ ወደ ምዕራብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ይርቃል። እዚያ በሱቆች በር ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ታነባላችሁ። እንጀራ፣ በርበሬና ጥሬ ቡና ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ ካፌዎቹ ፊት ለፊት ታክሲዎች ተደርድረው ይቆማሉ። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 ለዚህ አካባቢ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም በይፋ ሰጥቶታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ እንግሊዝ አገር ሳለሁ ሜጋጌም የሚባል ጨዋታ ተጫውቼ ወደድኩት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ እዚህ ቬጋስ ውስጥ በአማርኛ የሚጫወት ቡድን ለማቋቋም እየሞከርኩ ነው።

ሜጋጌም ብዙ ሰው፣ አርባም ሰማንያም ቢሆን፣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ የሚጫወተው የስልት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ንጉሡና አማካሪዎቹ፣ ሌላው የጎረቤት መንግሥት፣ ሌላው ጋዜጠኞች ሊሆን ይችላል። በየቡድኑ አንዱ ጦር ይመራል፣ አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ አንዱ ለድርድር ይላካል። ዳኞች ካርታው አጠገብ ቆመው የእያንዳንዱን ውሳኔ ውጤት ይናገራሉ። ጨዋታውን በ1980ዎቹ በብሪታንያ የጀመሩት እንደ ፓዲ ግሪፊዝና ጂም ዎልማን ያሉ ሰዎች ናቸው። በ2014 ዋች ዘ ስካይስ የተባለው የዎልማን ጨዋታ በቪዲዮ ከታየ በኋላ በአሜሪካና በካናዳ ከተሞችም ቡድኖች ተቋቋሙ።

በሜጋጌም ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ፣ የቼዝ ዘመድ ማለት ነው፣ ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ቼዝ ብቻ ለሚያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ለእኔ ግን ከቼዝ ይልቅ እውነተኛ ጦርነትን የሚመስለው ይሄ ነው።

አዳራሽ ማግኘት ቀላል ነበር፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመሰብሰቢያ ክፍሎች አሏቸው። ከባዱ ሰዓት ነው። በብዙ ካሲኖዎች ግድግዳ ላይ ሰዓት አታዩም፣ ከተማዋም ቀንና ሌሊት አትለይም። ሌላው ዓለም ቅዳሜና እሁድ ሲያርፍ ቬጋስ ሥራ ይበዛባታል። አንድ ታክሲ ነጂ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ ቅዳሜ ይመችዎታል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ቅዳሜ እንኳን እኔ መኪናዬም አታርፍም» አሉኝ። ማክሰኞ ለነጂዎቹ ይመቻል፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ናቸው።

ስለዚህ ፈረቃን የጨዋታው ሕግ አደረግነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንጫወታለን። 11 ሰዓት ላይ ሥራ የሚገቡት ወንበራቸውን ከሥራ ለወጡት ያስረክባሉ። ለርክክቡ የሚሰጠው አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። አዲሱ ንጉሥ የሚያውቀው የቀድሞው የነገረውን ያህል ነው፤ የረሳው ነገር ካለ ተረሳ። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ሕግ አላየሁም፣ ጨዋታውን ግን አሻሽሎታል።

የመጀመሪያው ጨዋታችን ስለ ውጫሌ ውል ነው። አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር ይህን ውል የተዋዋሉት በ1889 ነበር። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ ከፈለጉ በጣሊያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። ጣሊያን ግን የራሷን ጽሑፍ እንደ ግዴታ ቆጠረችው፤ በዚያም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ምኒልክ በ1893 ውሉን አፈረሱ፤ በ1896 አድዋ ላይ ጦርነት ሆነ።

በእኛ ጨዋታ የኢትዮጵያ ቡድን የሚናገረውም የሚጽፈውም በአማርኛ ብቻ ነው። ጣሊያንኛ የሚያውቅ ስለሌለን የጣሊያን ቡድን በእንግሊዝኛ ይጫወታል። ሁለቱንም ጽሑፍ ማንበብ የሚፈቀድላቸው አስተርጓሚዎች ብቻ ናቸው። ይህን ሥራ የሰጠነው ደግሞ እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆች ነው፤ ማለትም እንደ እናንተ ላሉት።

ለሙከራው 19 ሰው መጣ። ያ ታክሲ ነጂ የንጉሡ አማካሪ ሆኑ፤ አስተርጓሚዋ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው ብለውኛል። አማካሪው ለውሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፏት፤ «ንጉሠ ነገሥቱ ለጣሊያን መንግሥት ያስታውቃሉ።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ጋሼ፣ ያስታውቃሉ ማለት ይነግሩታል ነው ወይስ ያስፈቅዱታል?»

«ይነግሩታል እንጂ! ማንን ነው የሚያስፈቅዱት?»

«እሺ፣ ከመላካቸው በፊት ነው የሚነግሩት ወይስ ከላኩ በኋላ?»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉና «በኋላ ብለሽ ጨምሪበት፣ ልጄ» አሏት።

ወደ ጣሊያኖቹ ጠረጴዛ ስትሄድ አንዱ ተጫዋች ያችን ቃል እንድትተዋት በጆሮዋ ለመናት። ሁለት አሞሌ ጨውም አቀረበላት፤ አሞሌ የጨዋታችን ገንዘብ ነው። ልጅቷ አሞሌውን ተቀበለች። ቃሏንም ሳትተው ተረጎመችና ተመልሳ ለአማካሪው ሁሉንም ነገረቻቸው፣ በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች፣ አንዳንዴም በእጇ እያሳየች። «ጉቦ» የሚለውን ቃል አላወቀችውም ነበር። እሳቸው ነገሯት፤ እስከ ማታ ድረስ ስትደጋግመው ነበር። መቀበሏ ሕግ ይጥሳል ወይስ አይጥስም በሚለው ዳኞቹ እስካሁን አልተስማሙም። እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ።

ቀጣዩ ጨዋታ በጥር ነው። 31 ሰው ተመዝግቧል፤ ከሁለቱም ፈረቃ ንጉሥ ለመሆን የሚፈልግ ሞልቷል። የጎደለን አስተርጓሚ ነው፤ ለየቡድኑ ሁለት ሁለት እንፈልጋለን። አማርኛ አቀላጥፎ መናገር አያስፈልግም። ፊደል የቆጠረና ያልገባውን የሚጠይቅ ይበቃናል፤ አሞሌው ከእኛ ነው።