የዱቄት ኩባያና የውኃ ኩባያ

ከሥራ ከተቀነሰች ስምንት ወር የሞላት የሁለት ልጆች እናት ናት። ከጎረቤት በተዋሰችው ኦቨን ኬክ እየጋገረች መሸጥ ጀመረች። የተማረችው ከስልኳ፣ ከአሜሪካኖች ቪዲዮ ነው። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት እንቁላል። መለኪያዋ እጀታው የተሰበረ የቤቷ ኩባያ ነበር። ኬኩ ትንሽ ደረቅ ይላል እንጂ ያማረረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ትልቁ ትዕዛዝ መጣ። የሕፃን ልደት፣ ሦስት ኬክ፣ የዋጋው ግማሽ ቀብድ። እሷም «ከእንግዲህ በግምት አልሠራም» ብላ ከቀብዱ ላይ ዲጂታል ሚዛን ገዛች። አንድ ኩባያ ስንት እንደሚሆን ስልኳ ላይ ፈለገች፤ 240 ሚሊ ሊትር የሚል መልስ መጣላት። ሚሊ ሊትሩን ግራም አድርጋ አነበበችው።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት ብላ 480 ግራም መዘነች። ወተቱን 240 ግራም። ወተቱ ልክ ነው፤ ወተት ከውኃ ብዙም አይርቅም፣ የውኃ አንድ ሚሊ ሊትር ደግሞ አንድ ግራም ነው። ዱቄት ግን በመካከሉ አየር አለ። የአሜሪካኖቹ አንድ ኩባያ ዱቄት የሚመዝነው 120 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን እጥፍ አድርጋዋለች። ሊጡ እንደ ኬክ አልፈስ አለ፤ እንደ አምባሻ በእጅ የሚጠፈጠፍ ሆነ። ጊዜ ስላልነበራት እንደዚያው ጋገረችው። ከኦቨኑ የወጣው ጡብ ነው።

ቀብዱን መለሰች። ልጆቿ ጡቡን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሳምንት በሉት።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። በአማርኛ የምግብ አሠራር የሚያስተምሩ ብዙዎች የፈረንጁን «ካፕ» «ኩባያ» ብለው ገልብጠው ያልፋሉ። የየትኛው ቤት ኩባያ? የአውስትራሊያው እንኳ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአሜሪካው ይበልጣል። የእኛ ቤት ኩባያማ ከገበያ በተገኘበት መጠን ነው። አንድ መስመር ጨምሮ በግራም መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?

ሚዛኑን ልትሸጠው ነበር። ከመሸጧ በፊት ግን አንድ ማታ የተሰበረውን ኩባያ ላዩ ላይ አስቀመጠች፣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰች፣ ውኃ ሞላችበት። 300 አለ። የድሮው ኬኳ ለምን ይደርቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። በአንድ ኩባያ እስከተሰፈረ ድረስ ዱቄቱም ስኳሩም ወተቱም አብረው ስለሚያድጉ ችግር የለም። እንቁላል ግን በኩባያ አይሰፈርም፤ በቁጥር ነው። ሌላው በሩብ ሲጨምር እንቁላሉ ሦስት ላይ ቀርቶ ነበር።

ቀጥላ ዱቄት ሞከረች። በማንኪያ ቀስ እያለች ስትሞላው 150 ግራም። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክራ ጨቆን አድርጋ ስትዝቀው 190 አለፈ። ያው ኩባያ፣ ያው ዱቄት። እናቷ ከጓዳ ሆነው ያዩ ነበርና ሳቁ።

«ልጄ፣ ጉልት ስንገዛ ጣሳውን ነቅነቅ አድርጊው የምንለው ለምን መሰለሽ? እፍኝ ይጨምራላ!»

ዛሬ የቁም ሳጥኗ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ለአንድ የአሜሪካ ኩባያ፦ ዱቄት 120፣ ስኳር 200፣ ዘይት 220፣ ማር 340። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «እንቁላል በቁጥር!» ይላል።

በዚያ ወረቀት የጋገረችውን የመጀመሪያ ኬክ ለልደቱ ቤተሰብ በነፃ ላከች። ሳህኑ ታጥቦ ተመልሶላታል። ስልክ ግን እስካሁን አልደወሉም።