ከጀርባዬ የተቀዳው ውሃ

ራስ ምታት አልለቀው ያለ ሰው ወይም አስታማሚው ቢያነበው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ስሜን አልጽፍም፤ ምክንያቱን አንባቢ ይረዳልኛል።

2009 ዓ.ም. በልግ ላይ ነው። ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። ራሴን ያመኝ ጀመር፤ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ በኋላ ሙሉ ቀን። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ አለኝ፤ የታዘዘልኝን ጨረስኩ። ሌላው ሳይነስ ነው አለ። አንገቴ አልደረቀም፣ ትኩሳቱም ይህን ያህል አልነበረም፤ ስለዚህ ማጅራት ገትርን ባይጠረጥሩ አልፈርድባቸውም። እንደ እኔው ያለ በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር እንደ ባክቴሪያው በአንድ ሁለት ቀን አይጥልም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ቀጥሎ ያስመልሰኝ ጀመር፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ታየኝ። አንድ ጠዋት ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቼ ተገኘሁና ወንድሜ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ።

እዚያ ደሜ ሲመረመር ኤችአይቪ ተገኘብኝ። አላውቅም ነበር። ሲዲፎሬ፣ ማለትም የሰውነቴ መከላከያ ሴሎች ቁጥር፣ ከ100 በታች ወርዷል። ያን ሌሊት ልጄን እያሰብኩ ፈራሁ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ከጀርባዬ ፈሳሽ መውሰድ እንዳለበት ተናገረ። ወንድሜ እምቢ አለ። ከጀርባው ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል ሲባል በሰፈራችን ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፤ ጸበል ይሻላታል ብሎ ጫማዬን ያዘጋጅ ጀመር። ያስቆመችው አንዲት በዕድሜ የገፋች ሲስተር ነች። አልተቆጣችውም። እጁን ይዛ ወገቡ ላይ አሳየችው፦ «ወንድሜ፣ ዋናው ነርቭ እዚህ ላይ ያልቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። ጸበሉንም ትወስዳታለህ፤ ዛሬ ግን ፈርምልኝ።» ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ፈረመ።

በጎኔ አስተኝተው ጉልበቴን ወደ ደረቴ አስጠጉት። ጠብ ጠብ ማለት የነበረበት ፈሳሽ ፈንጥቆ ወጣ፤ ይህን ኋላ ወንድሜ ነገረኝ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው፦ ፈሳሹ እየወረደ ሳለ ራሴን ጨምድዶ የያዘኝ ሕመም ላላ። መርፌው ሳይወጣ ነው ይህ የሆነው። መድኃኒት ገና አልጀመርኩም። ዓይኔን ገልጬ የክፍሉን መብራት አየሁ፤ ስንት ጊዜ ብርሃን ሸሽቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞርኩ አላውቅም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሹን ከጥቁር ቀለም ጋር ቀላቅለው አዩት። ሐኪሙ ወንድሜንም ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳየው። በጥቁሩ መካከል ነጭ ቀለበት የከበባቸው ክብ ነገሮች ነበሩ።

ፈንገሱ እነሱ ነበሩ፤ ስሙ ክሪፕቶኮከስ ኒዎፎርማንስ ነው። አፈርና የእርግብ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በአየር እንስበዋለን። እኔ እርግብ አርብቼ አላውቅም፤ ግን ለዚህ ማርባት አያስፈልግም። ሳንባ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይጠብቁታል፤ ሥራቸው ባዕድ ነገር ውጦ መፍጨት ነው። ያ ነጭ ቀለበት ግን ከስኳር የተሠራ ወፍራም ሽፋን ነው፤ ለመዋጥ ያስቸግራቸዋል። ቢዋጥም በአሲዱ ከረጢት ውስጥ አይሞትም፤ እዚያው ይራባል። ማክሮፋጁ እንዲበረታና እንዲገድል የሚያነቃቁት ሲዲፎር ሴሎች ናቸው፤ የእኔዎቹን ቫይረሱ ጨርሷቸዋል። ፈንገሱም ከመናኸሪያችን እንደሚሳፈር መንገደኛ ማክሮፋጁ ውስጥ ሆኖ ይጓዛል፣ በሩን ሳይሰብር ይወርዳል፤ ሁለቱም በሕይወት ይለያያሉ። ይህን አወጣጥ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ2006 በየፊናቸው አስታውቀዋል። ወደ አንጎል ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ጉዞ ነው። አንጎል ከደረሰ በኋላ ፈንገሱና የሽፋኑ ስኳር የፈሳሹን መውጫ ይደፍናሉ፤ ግፊቱ የሚያይለው ለዚህ ነው። ኪኒን ይህን ግፊት በዕለቱ አያወርደውም። መርፌው ያወርደዋል።

የተሰጠኝ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ነበር። ፈንገሱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ ቶሎ አይገድለውም። ስለዚህ ሕመሙ ደጋግሞ ተመለሰ፤ በተመለሰ ቁጥር ፈሳሹ ተቀዳ። ወንድሜ ራሱ «ዛሬ አትቀዱላትም?» እያለ መጠየቅ ጀምሮ ነበር።

የኤችአይቪውን መድኃኒት ግን ወዲያው አልሰጡኝም። ለምን ይዘገያል ብለን አጉረመረምን። በኋላ ሐኪሙ አስረዳኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይኸው ሕመም ያለባቸው 177 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። በ26 ሳምንት ውስጥ፣ ቶሎ ከጀመሩት 45 በመቶ፣ አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩት 30 በመቶ ሞተዋል። ቆየሁ።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። የፈንገሱን ሽፋን በደም ውስጥ የሚያገኝ፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ምርመራ አለ፤ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት ሊያሳይ ይችላል። ኤችአይቪ ኖሮበት ሲዲፎሩ ከ200 በታች የሆነ ሰው ይህን ምርመራ ሐኪሙን ይጠይቅ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ የሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ መርፌን ከኪኒኖች ጋር መክሯል።

ፍሉኮናዞሉን ሲዲፎሬ ከ200 አልፎ ሲረጋ ሐኪሜ አስቆመኝ። የኤችአይቪውን ማታ ማታ እወስዳለሁ። እግሬ ደህና ነው፤ ከቤቴ እስከ ስፌት ቤቱ በእግሬ እመላለሳለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲደክመኝ አሁንም ነገር ሁለት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ጥቁር ጨርቅ ከመሸ አልሰፋም።