ባሕር በባሕር ላይ፤ የሽርሽር መርከቦች ገንዳና መታጠቢያ

የሰው ልጅ ብልሃት አያልቅበትምና፣ ዙሪያውን በባሕር በተከበበ መርከብ አናት ላይ ሌላ ትንሽ ባሕር ሠርቶ ይዋኝበታል። ከታች ማዕበሉ የመርከቡን ጎን ሲመታ፣ ከላይ በሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ ገንዳ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል፤ በገንዳው ዙሪያ መጋደሚያ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ በወንበሮቹም ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች ተንጋለው ይታያሉ። አንዱ መጽሐፍ ደረቱ ላይ ዘርግቶ ያንቀላፋል፤ ሌላው የሎሚ ጭማቂውን እየቀመሰ አድማሱን ይመለከታል። ላየው ሁሉ ሥራ የሚባል ነገር ከዓለም የጠፋ ይመስለዋል። እኛም ዛሬ አንባቢያችንን ወደዚያ ፎቅ ይዘን እንወጣለን፤ ነገር ግን ወንበሩን ብቻ አሳይተን አንመለስም፤ ወንበሩን የተሸከመውንም እናሳያለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

በመርከብ ለሽርሽር ብቻ መሄድ የተጀመረው በችግር ምክንያት ነው። በክረምት ወራት የአትላንቲክ ውቅያኖስ ስለሚናወጥ መንገደኛ ያንሳል፤ ትልልቆቹም መርከቦች ሥራ ፈትተው ወደብ ላይ ይቆማሉ። አልበርት ባሊን የተባለው የሐምቡርግ የመርከብ ኩባንያ ሹም ይህ ኪሳራ ስላሳሰበው፣ በጥር ወር 1891 አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ መንገደኞች አሳፍሮባት ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ላካት፤ ራሱም አብሮ ተሳፈረ። መንገደኞቹ የትም ለመድረስ አልተጣደፉም፤ የከፈሉት ለመንገዱ ደስታ ነበር። ሽርሽሩም ስለ ተወደደ ልማድ ሆነ።

የመዋኛ ገንዳ በመርከብ ላይ መታየት የጀመረው ግን ትንሽ ቈይቶ ነው። ታይታኒክን ሁሉም ሰው የሚያውቃት በመስጠሟ ሲሆን፣ ከመስጠሟ በፊት በጊዜዋ እንደ ብርቅ የሚቈጠር ገንዳ ነበራት። ገንዳው እንደ ዛሬው ፀሐይ ላይ አልነበረም። ከመርከቢቱ ፎቆች መካከል ዝቅ ባለው ወለል፣ ከብረት ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ነበር፤ ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕሩ የተቀዳ ውሃ ተሞቆ ይሞላበታል። አጠገቡ በሰማያዊና በአረንጓዴ ሸክላ ያጌጠ የቱርክ ሐማም ነበር። ለዋናው 1 ሽልንግ፣ ለሐማሙ 4 ሽልንግ ይከፈላል፤ ለሴቶችና ለወንዶችም የተለያየ ሰዓት ተመድቧል።

ኮሎኔል አርቺባልድ ግሬሲ የተባለው አሜሪካዊ በአፕሪል 14 ቀን 1912 እሑድ ጧት በዚህ በሞቀው ውሃ ዋኝቶ ነበር። በዚያው ሌሊት መርከቢቱ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጨች፤ ኮሎኔሉም በረዶ በሚመስለው ባሕር ውስጥ ገብቶ ከታገለ በኋላ በተገለበጠ ጀልባ ላይ ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ። ሁለቱንም ዋና፣ የጧቱንም የሌሊቱንም፣ በመጽሐፉ ጽፎ ትቶልናል። በ2005 ወደ መርከቢቱ ስብርባሪ የተላከ የምስል መሣሪያ ሐማሙን አግኝቶ ሲያየው፣ ሸክላው ከ90 ዓመት በላይ በባሕር ወለል ላይ ቈይቶ ገና ከነቀለሙ ነበር።

ይህ ሁሉ ምቾት ለአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሦስተኛ ማዕረግ ለተሳፈሩት ከ700 የሚበልጡ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ኑሮ ፍለጋ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ ድኾች ሲሆኑ፣ የተመደቡላቸው ሁለት የመታጠቢያ ገንዳዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ለወንዶች፣ አንዱ ለሴቶች። አንድ መርከብ፣ አንድ ባሕር፣ አንድ አደጋ፤ ውሃው ግን በማዕረግ የተከፈለ ነበር።

ገንዳውን ከመርከቡ ሆድ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያዋለው የሞቃት አገሮች ጉዞ ነው። ወደ ሕንድና ወደ ሩቅ ምሥራቅ በሚሄዱ መርከቦች ላይ ሙቀቱ ሲበረታ መርከበኞች ከሸራ ጊዜያዊ ገንዳ እየሠሩ ውሃ ይሞሉበት ነበር። በ1932 ጉዞ የጀመረችው ሬክስ የተባለችው የኢጣልያ መርከብ ደግሞ ነገሩን ወደ ትልቅ ድግስ ለወጠችው። በገንዳዎቿ ዙሪያ አሸዋ ተነሰነሰ፤ ኅብረ ቀለም ያላቸው ጃንጥላዎች ተተከሉ፤ መንገደኛው በአትላንቲክ መካከል ሆኖ በኢጣልያ የባሕር ዳርቻ የተቀመጠ እንዲመስለው ተደረገ። ሬክስ በ1944 በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተመትታ ጠፋች። አሸዋና ጃንጥላ የማስመሰሉ ዘዴ ግን አልጠፋም።

ከዚያ በኋላ የመርከቦቹን ዕድል የለወጠው አውሮፕላን ነው። በጥቅምት 1958 ጄት አውሮፕላኖች ከኤውሮጳ ወደ ኒውዮርክ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምሩ፣ መርከብ አምስት ቀን ያህል የሚፈጅበት ጉዞ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ ሆነ። ለጉዳዩ የሚቸኩል ሰው መርከቡን ተወው። የቀረው የማይቸኩለው ነው፤ የማይቸኩለውን ሰው ለመሳብ ደግሞ ገንዳ፣ ሙዚቃ፣ መታሻና ምግብ ያስፈልጋል። ስለዚህም ገንዳው የመርከቡ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ዋና ምክንያቱ ሆነ።

ይህ ለውጥ የደረሰበትን ለማየት አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችውን መርከብ መመልከት ይበቃል። በፊንላንድ አገር በቱርኩ ከተማ ተሠርታ በጥር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ስታደርግ በዓለም ትልቋ የመንገደኞች መርከብ ነበረች። ርዝመቷ 365 ሜትር ያህል ነው፤ ፎቆቿ 20 ናቸው፤ 2,350 ያህል ሠራተኞች ያገለግሉባታል። ገንዳዎቿ ሰባት ናቸው። ከነዚህ አንዱ ከባሕሩ በላይ 41 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ የሚዋኘው ሰው በገንዳው ጠርዝና በአድማሱ መካከል ምንም ነገር ያለ አይመስለውም።

በዚህ ፎቅ የሚውል ሰው ቶሎ የሚማረው ነገር፣ ከውሃው ይልቅ የሚያጣላው ወንበሩ መሆኑን ነው። ጧት ጎሕ ሲቀድ የሚነሡ ሰዎች አሉ፤ የሚነሡትም ፀሐይዋ ስትወጣ ለማየት አይደለም። ፎጣቸውን በጥሩ ወንበር ላይ አንጥፈው፣ አንድ መጽሐፍና አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ እንደ ዋስ አስቀምጠው፣ ተመልሰው ይተኛሉ። አራትና አምስት ወንበር ለቤተ ዘመድ የሚይዝም አይጠፋም። ኩባንያዎቹም በዚህ ተቸግረው፣ ባለቤቱ 30 ወይም 40 ደቂቃ ካልታየ ፎጣው ተነሥቶ ወንበሩ ለሌላ እንዲሰጥ ደንብ አውጥተዋል። ሰው ሥራውን ትቶ ሲመጣ ወረፋውንና ሽሚያውን ግን ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

አሁን ከውሃው በታች ያለውን እንይ። የዚህች መርከብ ትልቁ ገንዳ 150 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ይህም በክብደት 1,500 ኩንታል ነው። 1,500 ኩንታል እህል ቢሆን ታስሮ በተቀመጠበት ይቀመጣል፤ ውሃ ግን አይታሰርም። አንዲት ሴት እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት ልትወጣ ትችላለች፤ ያንኑ ውሃ በሰፊ ገበቴ ብትሸከመው ግን በአንድ ወገን ጥቂት ባዘነበለች ጊዜ ውሃው ሁሉ ወደዚያው ሮጦ ይጥላታል። የመርከብ መሐንዲሶች የሚፈሩት ይህንኑ ነው። መርከቡ በማዕበል ወደ ግራ ሲያዘነብል ውሃው ወደ ግራ ይሮጣል፤ ማዘንበሉንም ያብሰዋል። ስለዚህ በመርከብ ላይ አንድ ሰፊ ሐይቅ አይሠራም፤ ብዙ ትንንሽ ገንዳዎች ይሠራሉ እንጂ። ባሕሩ ሲከፋም ገንዳው በመረብ ይሸፈናል፤ አስፈላጊ ሲሆን ውሃው ይለቀቃል። መንገደኛው ለምን ተዘጋብን ብሎ ያጉረመርማል፤ መዘጋቱ ግን ለእርሱው ደኅንነት ነው።

ከገንዳው ጥቂት ራቅ ብሎ የመታጠቢያውና የመታሻው ቤት ይገኛል። በውጭ አገር ስፓ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው በማዕድን ውሃዋ ከታወቀችው ከቤልጅግ ከተማ ከስፓ ነው። ለኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ፍልውሃ ሄዶ በሙቅ ውሃ ድካሙን ያራገፈ ሁሉ ምሥጢሩን ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ፍልውሃን ከመሬት ሆድ የሚያሞቀው ተፈጥሮ ሲሆን፣ በመርከብ ላይ የሚያሞቀው ሞተርና ነዳጅ መሆኑ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ በደረቅ ትኩሳት የሚያልብ ሳውና፣ በእንፋሎት የተሞላ ክፍል፣ ከሥራቸው የሚሞቁ የሸክላ መንጋለያዎች፣ የመታሻ አልጋዎችም አሉ። ሳውናው ከ80 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የእንፋሎቱ ክፍል ግን 45 ዲግሪ ያህል ሆኖ ሳለ ከሳውናው እኩል የሚከብድ ይመስላል። ምክንያቱ ላብ ነው። በደረቅ አየር ላብ ቶሎ ተንኖ ገላን ያቀዘቅዛል፤ በእርጥብ አየር ግን የሚተንበት ስለማያገኝ ሙቀቱ ከሰውየው ጋር ይቀራል። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ፣ መጠጥ የጠጣም ሰው ጨርሶ ሊገባበት አይገባም።

ገንዳው በጉዞው ዋጋ ውስጥ የሚታሰብ ሲሆን፣ መታሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይከፈልበታል፤ አንድ ሰዓት መታሸት ከመቶ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ በዚያ ላይ ከመቶ 18 ወይም 20 የአገልግሎት ይጨመርበታል። በብዙ መርከቦችም ውድ ክፍል ለተከራዩ ብቻ የተከለለ የፀሐይ ፎቅ አለ። በ1912 በግድግዳ የተሠራው የማዕረግ ድንበር ዛሬ በዋጋ ዝርዝር ተተክቷል ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሙቅ ውሃ ሌላም አደጋ አለው። በ1994 ከኒውዮርክ ትነሣ በነበረች አንዲት የሽርሽር መርከብ የተሳፈሩ 50 መንገደኞች በሳንባ በሽታ ታመሙ። በሽታው ሌጂዮኔላ ከተባለ ባክቴርያ የሚመጣ ነበር። ሐኪሞች ነገሩን ሲመረምሩ ምንጩ አረፋ እያፈላ ገላ የሚያሸው የሙቅ ውሃ ገንዳ ሆኖ ተገኘ። ባክቴርያው ሞቅ ባለ ውሃና በቈሸሸ ማጣሪያ ውስጥ ይራባል፤ አረፋው ሲፈነዳ ከሚወጣው ጉም ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። አንዳንዶቹ ሕመምተኞች ወደ ውሃው እንኳ አልገቡም፤ አጠገቡ መቀመጣቸው ብቻ በቅቷቸዋል።

ስለዚህ ዛሬ ከገንዳው በስተጀርባ ቀንና ሌሊት የክሎሪኑን መጠን የሚለካ፣ ማጣሪያውን የሚያጥብ ሰው አለ። ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ ወደቦች የሚመጡትን መርከቦች የዚያ አገር የጤና መሥሪያ ቤት ሳያስጠነቅቅ እየገባ ይመረምራል፤ ገንዳውን፣ ወጥ ቤቱን፣ የመጠጥ ውሃውን አይቶ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። 85ና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል ማለት ነው። ውጤቱም ማንም ሰው እንዲያየው ይታተማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ፎጣውን የሚያጥፈው፣ ወንበሩን የሚያደርቀው፣ ጀርባ የሚያሸው፣ በሞተሩ ቤት ውሃ የሚያጣራው ማን ነው? አብዛኞቹ ከፊሊፒን፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያና ከመሳሰሉት አገሮች የመጡ ወጣቶች ናቸው። ለስድስትና ለዘጠኝ ወር ይዋዋሉና በዚያ ጊዜ ሁሉ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን የማያገኙ ብዙዎች ናቸው። በ2013 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሥራ ስምምነት ለመርከበኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። ሳምንት 168 ሰዓት ነውና አንባቢ ራሱ ቀንሶ ይመልከት፤ የሚቀረው 91 ሰዓት ነው። አገሮች ከዚህ ይልቅ ሥራው በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳያልፍ የሚለውን መንገድ ሊመርጡ ይችላሉ። በኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ በሕግ መወሰኑን ያስታወሰ ጸሐፊ ልዩነቱን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በቢሾፍቱ ባቦጋያ የባሕር ትምህርት ተምረው በውጭ መርከቦች የተቀጠሩ ወጣቶቻችን ስላሉ፣ ይህ ቍጥር እኛንም የሚነካ ነው።

ይህን ያልነው ማረፍ ኀጢአት ነው ለማለት አይደለም። የደከመ ሰው ማረፍ አለበት፤ በሞቀ ውሃ ተነክሮ ባሕር እያዩ ማረፍም መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዕረፍት ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ሰው ለሰው የሚሠራው ሥራ ነው። በዚህ ዓለም አንዱ የሚያርፈው ሌላው ስለ ነቃ ነው፤ የነቃውም ተራው ሲደርስ ማረፍ ይገባዋል። ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን ዕድል ቀንቶህ እንዲህ ካለ መርከብ ብትሳፈር፣ ከመነሣትህ በፊት የመርከቡን የምርመራ ነጥብ ተመልከት። ወደ ገንዳው ሳትገባ በፊት ገላህን ታጠብ። የማትተኛበትን ወንበር በፎጣ አትያዝ። ገንዳው ተዘግቷል ቢሉህ አትቈጣ። ፎጣ የሚያቀብልህንም ልጅ ስሙን ጠይቀህ በስሙ አመስግነው። በብዙዎቹ መርከቦች ወደ ፊተኛው ጫፍ፣ መንገደኛ በማይደርስበት ስፍራ፣ አንዲት ትንሽ ገንዳ ትገኛለች። እርሷ የሠራተኞቹ ናት። ልጁ ተራው ደርሶ እዚያ ሲዋኝ ልታየው አትችልም፤ ሰዓቱ እንዲደርሰው ግን ልትመኝለት ትችላለህ።