መንገዱስ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ብዙው ቤት ድምፁን አጥፍቶ በሩን ይዘጋል። ጥቂቱ ቤት ደግሞ ቡና አፍልቶ ጉባኤ ይጠራል። ቢጠራ አይፈረድበትም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. “ተሻሻለ” ተብሎ 8.4 ደረሰ። እንዲህ ባለ ወንፊት አልፎ የወረደ ልጅ የእናትና የአባቱ ብቻ አይሆንም፤ የአክስቱም፣ የአጎቱም፣ የእድሩ ዳኛም፣ የባለሱቋም ልጅ ነው። ሁሉም ስለ እሱ ሐሳብ አለው።

ልጁ “ምህንድስና ነው የምማረው” ካለማ ጉባኤው ይረዝማል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ? በቅርቡ አንድ ዘመዴ ቤት እንዲህ ያለው ሸንጎ ላይ ተጠርቼ ነበር። መቼም “አስተማሪ ነበሩ” ተብሎ የሚጠራ ሰው ሥነ ጽሑፍ ያስተምር የነበረ ይሁን ሒሳብ፣ ማንም አይጠይቅም።

አቦል ላይ አጎትየው ቀደመ። “አምስት ኪሎ ነዋ! ይሄ ምን ያነጋግራል?” አለ። እሱ የተማረው እዚያ ነው። በ1940ዎቹ የተጀመረውን የምህንድስና ትምህርት፣ ከዚያ ወጥተው መንገድና ግድብ የሠሩትን ሰዎች እያነሣ ነገረን። ቶና ላይ የአክስትየው ባል ተነሣ። “እሱ ድሮ ቀረ! አሁን ዘመኑ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለምህንድስና ብለው ነው ያቋቋሙት፣ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው” አለ። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውን፣ ቂሊንጦ አካባቢ ያለውን ማለቱ ነው። አንዷ ደግሞ “አዳማስ ምን አለው? እሱም እኮ ያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው” አለች። እንዲህ እየተባለ ሲሄድ ልጁ ጥግ ይዞ ቁርሱን ይቆረጥማል።

“አንተስ ምን ታስባለህ?” አልኩት።

“እኔ የውኃ ምህንድስና ነው የምፈልገው፣ ጋሼ። አርባ ምንጭ።”

ቤቱ ፀጥ አለ። ልጁ ምክንያቱን ጨመረ። “ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጄሪካን ተሸክሜ ነው ያደግኩት። ለምን እንደማይመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።”

በሕይወቴ ብዙ ተማሪ “ለምን ይህን ትምህርት መረጥክ?” ብዬ ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ የጠራ መልስ የሰማሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። ግን እናትየው ስኒዋን አስቀምጣ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

“መንገዱስ?”

በረካው ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። አጎትየው ስለ አምስት ኪሎ፣ የአክስትየው ባል ስለ ቂሊንጦ የተናገሩት ሁሉ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ዝናና ስለ ላቦራቶሪ የተከራከርን መስሎን ነበር እንጂ ስናወራ የቆየነው ስለ ርቀት ነው። የሁሉም ምርጫ ልጁ ለበዓል በአንድ ታክሲ ወይ በአንድ አውቶቡስ ቤቱ የሚደርስበት ቦታ ነበር።

ይህን ፍርሃት “የእናት ነገር” ብሎ ማለፍ ነውር ነው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታግተዋል። በዚያው ዓመት በየግቢው በተነሣው ግጭት ስንቱ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይም ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ይህን ሁሉ የሰማች እናት፣ ልጇ የሚሄድበት አቅጣጫ ሌላ ቢሆንም ካርታ ዘርግተው “እዚያ ሰላም ነው” ቢሏት አትሰማም። እኔም ልንገራት አልደፈርኩም።

ነገር ግን የምናጣውን ነገር ቆጥረን እንወቀው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በየቦታው የተተከሉት እንዲያው በዕጣ አይደለም። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፣ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር፤ ከተማዋ ውስጥ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓባያና ጫሞ ቁልቁል በሚታዩበት አገር ነው። ምህንድስና ከመሬት ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ወንዙን በበጋ ብቻ ሳይሆን በክረምትም፣ ድንጋይ ሲያንከባልል ሊያየው ይገባል።

ከወንዙ በላይ ደግሞ ሰው አለ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ የጎጃም፣ የአርሲ፣ የሐረርጌና የጋሞ ጎፋ ልጆች ነበርን። ስማችን በዝርዝር ተለጥፎ አገኘነው እንጂ ተመራርጠን አልገባንም። ያ ዘመን ገነት አልነበረም፤ እንጣላ ነበር፣ እንኮራረፍም ነበር። ግን የአርሲው ልጅ እናት የላከችው ጭኮ ሲመጣ ኩርፊያው ይቀራል። ዓባያን ከካርታ በፊት ከጋሞው ጓደኛዬ አፍ ነው ያወቅኩት። አሁን እያንዳንዱ ቤት፣ በበቂ ምክንያት፣ ልጁን ቅርቡ ሲያስቀር፣ ነገ በማያውቀው አገር ለማያውቀው ሰው ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ እናፈራለን።

እሺ፣ ሆነና መንገዱ አስፈራን፤ ልጁም ቅርብ ይማር። ያን ጊዜም ቢሆን “የትኛው ስም አለው?” ከሚለው የተሻለ ጥያቄ እንጠይቅ። ልብ በሉ፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ቢመርጥም የሚፈልገው ዲፓርትመንት መግባቱ በውጤቱና ባለው ቦታ የሚወሰን ነው። ስለዚህ ሲቪል ስንት ተማሪ ይቀበላል? ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው መሣሪያ ይሠራል ወይስ ላስቲኩ እንኳ አልተነሣለትም? ለልምምድ የሚልኩት ወዴት ነው? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ከዚያ ዲፓርትመንት ስንቱ አለፈ? ይህን ለማወቅ ዘመድ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ግቢው በር ላይ ቆሞ አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ማናገር ይበቃል። እነሱ አይዋሹም፤ የሚዋሹበት ምክንያት የላቸውም።

የውኃው ምኞትም ቢሆን በአንድ ከተማ ታስሮ አይቀርም። ሲቪል ምህንድስና ውስጥም ውኃ አለ። የልምምዱ ጊዜ ሲደርስም ተማሪው ግድብ ያለበት፣ የመስኖ ቦይ የሚቆፈርበት ቦታ ሊጠይቅ ይችላል። ያኔ ልጁ አድጓል፤ ምናልባት የእናቱም ልብ ትንሽ ይረጋ ይሆናል።

ምናልባት። ዩኒቨርሲቲ መምረጥ የልጁ ነው፤ እኛ ብናማክር ይበቃናል። ከቤት እስከ ዩኒቨርሲቲው ያለው መንገድ ግን የልጁ የቤት ሥራ አይደለም። ፈተናውን አልፏል፤ መንገዱንም እሱ ይለፈው ማለት አንችልም።