ልጅ ሥዕል እንዲማር ምን ያስፈልገዋል?

አንባብያን ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ተማሪ የሆናችሁት ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁትም የራሳችሁ ወይም የዘመድ ልጅ ከቤታችሁ አይታጣም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ልጆች የሥዕል ትምህርት ጥቂት ላወያያችሁ።

እኔ በተማርሁበት ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲደርስ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጀበና ይሥሉ ነበር፤ እኛም ያንኑ እንገለብጥ ነበር። ጀበናው ያማረለት ልጅ «ሠዓሊ» ተባለ፤ የተጣመመበት ግን ገና በዐሥር ዓመቱ «እኔ ሥዕል አልችልም» ብሎ እርሳሱን አስቀመጠ። የሚያሳዝነውም ይህ ነው። መጻፍ ያቃተውን ልጅ እናስተምረዋለን እንጂ «አልተፈጠረልህም» አንለውም፤ መሣል ያቃተውን ግን በቀላሉ እንተወዋለን።

እኔ የምለው፥ ልጅን ከማስገልበጥ ይልቅ የቀደሙት ሠዓሊዎች ምን እንደ ቸገራቸውና በምን መላ እንደተወጡት እንንገረው፤ ከዚያም በገዛ እጁ ይሞክረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከሞከርኋቸው ሦስቱን እነሆ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ከእስፓኝ አገር ነው። በ1879 ማርሴሊኖ ሳንስ ደ ሳውቱኦላ የተባለ ሰው በአልታሚራ ዋሻ ውስጥ መሬት መሬቱን እያየ የጥንት ዕቃ ሲፈልግ፥ የስምንት ዓመት ልጁ ማሪያ ቀና ብላ በጣራው ላይ የተሣሉ ጎሽ መሰል አውሬዎችን አየች። አባቷ የጥንት ሰው ሥራ ነው ቢል ሊቃውንቱ አላመኑትም፤ በ1902 እውነቱ ሲታመንለት እሱ ከሞተ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። እነዚያ ሠዓሊዎች ያበጠውን ድንጋይ የአውሬው ገላ አድርገውታል፤ ቀለማቸውም ከሰልና ቀይ አፈር ነበር። እናንተም ለልጁ ወጣ ገባ ያለ ድንጋይና የከሰል ስባሪ ስጡትና «እዚህ ውስጥ ምን እንስሳ ተደብቋል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁለተኛው ከአገራችን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፥ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን መሣላቸው የተለመደ ነበር። በዚህም ፊደል ያልቆጠረ ሰው ታሪኩን ከሥዕሉ ያነበው ነበር። ለልጆቹ አንበሳን ያታለለችውን የጦጣ ተረት ነግሬ በዚህ ደንብ እንዲሥሉ አዘዝኋቸው። አንዲት ልጅ ጦጣዋን በአንድ ዓይን ሣለቻት፤ ወንድሟ በሁለት። «አታላለች እኮ!» «ነፍሷን ለማዳን ነው እንጂ!» እየተባባሉ ብዙ ተከራከሩ። ጀበና ስንገለብጥ እንዲህ ያለ ክርክር ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛው የፈረንሳዊው አንሪ ማቲስ ነው። በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እንደ ልቡ ቆሞ መሣል ተሳነው። ሆኖም መቀስ አንሥቶ፥ ቀለም የተቀባ ወረቀት እየቆረጠና እያጣበቀ ሥራውን ቀጠለ፤ በዚህ ዘዴ የሠራው «ጃዝ» የተባለው መጽሐፍ በ1947 ታተመ። እርሳስ ሲይዝ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ እርሳሱን አስቀምጡለትና መቀስ ስጡት። የተጣመመ ቅርጽ እዚህ ነውር አይደለም፤ ወፍ ያልሆነው ዓሣ ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣ ገንዘብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አደራ የምላችሁ ግን፥ የልጁን ሥዕል በእጃችሁ አታቃኑበት። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከመፍረድ «እስቲ ንገረኝ» በሉት፤ ሲናገር ያልሣለው ይታሰበውና ተመልሶ ይሥለዋል።

ወረቀት ከየት ይምጣ የሚል ቢኖር፥ ይህን መጽሔት ቤተሰቡ ሁሉ አንብቦ ሲጨርስ ከመቀስ ጋር ለልጆቹ ስጧቸው። የኔንም ጽሑፍ ቢቆርጡት ቅር አይለኝም።