«ልጄ፣ ጆሮዬ ጮኸብኝ»

ስለ ሕፃናት ግርዛት ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ዶክተር፣ የማደንዘዣ መርፌ ልብ ይጎዳል ወይ?» አጭሩ መልስ ይኸው፤ በልኩ ሲሰጥ አይጎዳም። ከልኩ ሲያልፍ ወይም በስህተት ደም ሥር ውስጥ ሲገባ ግን ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። ረጅሙን መልስ ለመስጠት የራሴን ስህተት መናገር አለብኝ።

ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አንዲት እናት ጀርባቸው ላይ የወጣውን የስብ እብጠት ላወጣላቸው አስተኛኋቸው። ቀላል ሥራ ነው፤ ቦታውን አደንዝዞ ማውጣት፣ ሰፍቶ መሸኘት። ባለ 2 በመቶ ሊዶኬይን 10 ሲሲ ወጋሁ። መቁረጥ ስጀምር «አመመኝ» አሉ፤ ሌላ 10 ሲሲ ጨመርኩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው «ልጄ፣ ጆሮዬ ጮኸብኝ» አሉኝ። ምላሳቸው እንደደነዘዘ፣ አፋቸው ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም እንደመጣባቸውም ነገሩኝ። እኔ ምን አልኩ? «አይዞዎት እናቴ፣ ፍርሃት ነው።» እጄንም አላቆምኩም።

ያስቆመችኝ ነርሷ ናት። «ዶክተር፣ ክብደታቸው ስንት ነው?» አለችኝ። አልመዘንኳቸውም። ወዲያው ከንፈራቸው ይርገበገብ ጀመር፣ ቀጥሎ መላ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። ኦክስጅን ሰጠን፣ የሚጥለውን የሚያቆም መርፌ ወጋን፣ ሞኒተር አገናኘን። የልብ ምታቸው ወርዶ ሳየው የእኔ ልብ ምን ያህል እንደመታ አልነግራችሁም። ቀስ ብሎ ተመለሰ።

በኋላ ስንመዝናቸው 48 ኪሎ ናቸው። ብቻውን የሚሰጥ ሊዶኬይን ጣሪያው በአንድ ኪሎ ክብደት 4.5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ለእሳቸው 216 ሚሊግራም ማለት ነው። ባለ 2 በመቶው በአንድ ሲሲ 20 ሚሊግራም ይይዛል። እኔ የሰጠሁት 400 ነበር።

ለምን ልብ ድረስ ይሄዳል? ነርቭ የሕመምን መልእክት የሚያደርሰው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚነሳው ደግሞ ሶዲየም በነርቩ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ሲገባ ነው። ማደንዘዣው እነዚያን በሮች ይዘጋል፣ ሕመሙም እዚያው ይቀራል። ልብም የሚመታው በተመሳሳይ በሮች ነው። መድኃኒቱ ቁስሉ አካባቢ ሲቆይ ችግር የለም፤ በብዛት ደም ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አንጎልን፣ ከዚያ ልብን ያገኛል። ቡፒቫኬይን የተባለው ረጅም ጊዜ የሚቆየው ማደንዘዣ የልብን በር ከዘጋ ቶሎ አይለቅም። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ አልብራይት ስለዚህ አደጋ ያስጠነቀቁት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ በደም ሥር የሚሰጥ 20 በመቶ የቅባት ፈሳሽ ማደንዘዣውን ከልብ ላይ ለማንሳት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአይጦች ላይ ታየ፣ በ2006 ደግሞ ልቡ ቆሞ የነበረ ሰው በእሱ መትረፉ ተዘገበ።

ጥርስ ሊነቀልላችሁ ተወግታችሁ ልባችሁ ድው ድው ያለባችሁ ብዙዎች ናችሁ። ያ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ቦታው ላይ እንዲቆይ የሚጨመርበት አድሬናሊን ሥራ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። የልብ ሕመም ካለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። በኦፕራሲዮን ለመውለድ ጀርባችሁን ስትወጉ ማቅለሽለሽና ማዞር ከመጣም ሌላ ነገር ነው፤ የሚወርደው የደም ግፊት ነው፣ የመድኃኒቱ መጠን ጥቂት ስለሆነ ልብን አይመርዝም። እሱንም ቢሆን ለአንስቴዢያ ባለሙያው ወዲያው ንገሩት።

አሁን ወደ ግርዛቱ ልመለስ። እኒያ እናት ጆሮዬ ጮኸ ብለው መናገር ችለዋል፤ የአርባ ቀን ልጅ አይናገርም። 4 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን የባለ 2 በመቶው ሊዶኬይን ልኩ አንድ ሲሲ እንኳ አይሞላም። በዓይን ግምት የሚቀዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ስትገቡ «ተመዝኗል ወይ? በኪሎው ነው የሚሰጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ ቢቆጣ ይቆጣ። ራሳችሁ ስትታከሙ ደግሞ ጆሮ መጮህ፣ ምላስ መደንዘዝ፣ ብረት ብረት የሚል ጣዕም፣ ማዞር ከመጣ «ይለፍልኝ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጥርስ ላይ ስትወጉ የከንፈር መደንዘዝ የሚጠበቅ ነው፤ የጆሮ መጮህ ግን አይደለም።

እኒያ እናት በሳምንታቸው ክሩን ሊያስወጡ መጡ። ሚዛኑ ላይ ራሳቸው ወጡና ፈገግ ብለው «ፍርሃት አልነበረም፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«አልነበረም እናቴ» አልኳቸው።